ከቢስሚላህ እስከ ጉርሻ

«ከወሰንሽ ቆይተሻል፤ ገና ለአንቺ አልተነገረሽም እንጂ።»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆሞ ያለኝ ናትናኤል ነው። ገና ግማሹ ብቻ ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ተደግፏል። እኔ ተንበርክኬ የሶፋውን ጀርባ ጨርቅ እወጥራለሁ፤ አፌ ውስጥ ሦስት ሚስማር ይዣለሁ። አፉ ውስጥ ሚስማር ያለበት ሰው ቶሎ መልስ አይሰጥም። እሱ ደግሞ ዝምታዬን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ግር እንዳይላችሁ ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። ስሜ ትህትና ነው፤ ስም ያወጣልኝ ሰው ትንሽ ቢታገሥ ጥሩ ነበር። ተወልጄ ያደግኩት ወልቂጤ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡታጅራ፣ አክስቴ ዘንድ እንድሄድ ተስማማ። አክስቴና ባሏ ጋሽ ደምሴ ከመኖሪያቸው ጋር የተያያዘ ሶፋ ቤት አላቸው። ጋሼ እንጨቱን ይመታል፤ እኔ ስፖንጅ እቆርጣለሁ፣ ጨርቅ አለብሳለሁ። ያኔ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እጄ ሥራውን ለምዶታል፤ እኔ ግን ሞተሩ ሳይጠፋ እንደቆመ ባጃጅ ነበርኩ፤ ሳልሄድም እንቀጠቀጣለሁ።

በዚያ ሳምንት አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ወይም የወሰንኩ መስሎኝ ነበር። ሰሚራ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ወልቂጤ ውስጥ ክፍል ተከራይታ እየጠበቀችኝ ነው። እሷ መጋረጃ ትሰፋለች፣ እኔ ሶፋ አለብሳለሁ፤ አንድ ጣሪያ ሥር የራሳችንን ቤት እንከፍታለን። ሰኞ እመጣለሁ ብያታለሁ። ለአክስቴም ነግሬያት «እናያለን» ብላኛለች። አክስቴ «እናያለን» ካለች ያንን ነገር በዓይናችሁ አታዩትም።

ናትናኤል እዚያው ከተማ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሳይኮሎጂ ያስተምራል፤ ከአክስቴ ጋር አንድ ቸርች ነው የሚሄዱት። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የምለውን እንድታምኑኝ ነው። መጀመሪያ ሶፋ አዘዘ። ሶፋው ሲያልቅ ትራስ አዘዘ። ትራሱ ሲያልቅ እኔን ጠየቀ። እምቢ አልኩት። «ድምፅሽ ቀጠነ» አለና ጻፈ። ሁለተኛ እምቢ አልኩት፤ «መሬት መሬት አየሽ» አለና ጻፈ። ሦስተኛውን ጎረቤት እስኪሰማ ጮኬ አልኩት፤ «ግድ የሌለው ሰው እንደዚህ አይጮህም» ብሎ እሱንም ጻፈው። ሻይ ያቀረብኩለት ቀንም ተጽፏል፤ ጎረቤት መጥቶ ሻይ የማይቀርብለት ይመስል። ያ ደብተር መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም።

ያን ዕለት፣ ረቡዕ ነው፣ ሚስማሩን ከአፌ አስወጥቶ ሙከራ እንሥራ አለኝ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ፣ በፈለግኩት ጊዜ ጣቴን እንዳነሳና «አሁን ላንሳ» ያልኩባትን ቅጽበት እንድነግረው ጠየቀኝ። ቶሎ እንዲሄድልኝ ብዬ አነሳሁ። ደስ አለው። ከዚያ አስተማረኝ። ቆየት ያለ ሙከራ ነው አለ፤ የሰዎች ራስ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የተሠራ። ሰውየው «አሁን ልንቀሳቀስ» ብሎ ማሰቡን ከማወቁ በፊት አእምሮው ሥራውን ጀምሮ ይገኛል። ደብዳቤው ታች ቢሮ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ያልቃል፤ አንቺ ላይ ቤት ቁጭ ብለሽ ሲደርስሽ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ትያለሽ አለኝ። ነፃ ፈቃድ የምትሉት ይኸው ነው፣ የደረሰ ሰነድ ላይ መፈረም አለ።

ሽቦው የታለ ብዬ ጠየቅኩት። ለአንቺ ሽቦ አያስፈልገኝም አለ።

«በስንት ጊዜ ነው የሚቀድመው?» አልኩት።

«ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።»

«የእኔ እሺታ ግን መንገድ ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ምን ነካው፣ ጎማ ፈንድቶበት ቆሼ ከተማ ላይ ቆመ?»

«ትልቅ ውሳኔ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቲቲ» አለኝ። ቅር አላለውም። ቅር የሚለው ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሲሄድ ለተማሪዎቹ የሚያባዛውን ጽሑፍ እንዳነበው ትቶልኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ሰው የሰጠኝን ሳይሆን ሰው የደበቀውን ማንበብ ይቀናኛል። በምሳ ሰዓት ስገልጠው አንድ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ጥጉ ላይ «ለፈተና አይመጣም» ተብሎበት አገኘሁ። ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሙከራውን የሠራው ሰውዬ ራሱ እንዲህ ማለቱን ይናገራል፦ ሰው ሊያደርገው ያሰበውን በማወቁና በማድረጉ መካከል ጠባብ ክፍተት አለች፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ የተጀመረውን ማቆም ይችላል። ከሥሩም ሌሎች ምሁራን በሙከራው ትርጉም ላይ ገና እየተከራከሩ እንደሆነ፣ ጣት ማንሳትና ኑሮን መምረጥ አንድ እንዳልሆነ ተጽፏል። ገጹን ገንጥዬ አጠፍኩና ሽርጤ ኪስ ከተትኩት። ሐሙስ መጥቶ ለምን እንደሰረዘው ስጠይቀው «ተማሪ ያምታታል» አለኝ። ጎበዝ አስተማሪ።

አሁን ስለ አንድ ቦይ ልንገራችሁ፤ ያለ ቦዩ የሆነው አይገባችሁም። ጋሼ ከጎረቤቱ ጋር በዝናብ ውኃ መውረጃ ተጣልቶ ነበር። ውኃው ወደ እኛ ይውረድ ወደ እነሱ በሚል ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ የለም። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሳይቋጭ ሄደዋል። የሽማግሌዎቹ ዋና ሐጂ ከድር ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ የሶፋ ጨርቅም የምንወስደው ከሳቸው ነው። በእኛ ሰፈር ሐጂ ያልተቀመጡበት ጸብ ገና ጸብ አልሆነም። ስለዚህ አርብ ዕለት አክስቴ «ነገ እነ ሐጂ ይመጣሉ» ስትለኝ እኔ ቦዩ አልኩ። እሷም ሌላ ነው አላለችኝም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስት ሆነው መጡ። ሐጂ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌና መነጽር ያደረጉ አዛውንት። አክስቴ ሽርጥሽን አውልቂ አለችኝ፤ ለቦይ ይህን ያህል ማማር ምንድን ነው ብዬ ሳላወልቅ ቀረሁ። ሐጂ ስለሚበሉ ሥጋ አልተሠራም፤ ቆጮ፣ አይብ፣ ጎመን በቅቤ ነው።

በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ገበታ ከቀረበለት መልሱ ገበታው ነው። ልጅቷ በራሷ እጅ ካቀረበችው ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ይበላል፣ ይመረቃል። ከተመረቀ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ የምትል ሴት ሽማግሌዎቹንም፣ ቤተሰቧንም፣ የተመረቀበትን ቤትም ነው የምታዋርደው። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያላወቅኩት ሰዎቹ የምን ሽማግሌዎች ሆነው እንደመጡ ነው።

ማድ ቤት ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ሰላምታ፣ ሳል፣ ረጅም ወሬ። ከዚያ ጋሼ «እንግዲህ እኔ ከናንተ ቃል አልወጣም» ሲልና ሲሳቁ ሰማሁ። ተመስገን፣ ውኃው መውረጃ አገኘ አልኩ። አክስቴ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ «አስገቢላቸው» አለችኝ። አስገባሁ። ለምን፣ ለማን፣ ስለምን አላልኩም። አስገቢ ሲሉኝ አስገባለሁ፤ ሦስት ዓመት የሠለጠንኩበት ነው። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጃቸውን አስታጠብኳቸው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ። የረጅሙ ሽማግሌ ዓይን እንባ አቀረረ። ለቦይ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «በራሷ እጅ።»

«ታዲያ ወዴት ሊወርድ ሆነ?» አልኳቸው።

«ምኑ ልጄ?»

«ውኃው።»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ውጭ ተጣራ። በር ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የነበረው ናትናኤል ገባ። የሚያገባ ሰው ሽማግሌ ልኮ እሱ ዘወር ይላል እንጂ ተከትሎ አይመጣም፤ እሱ ግን ውጤቱን በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነው። አዲስ ሱፍ ለብሷል። ደብተሩን ይዟል። ሱፉን ሳይ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ወደ ማድ ቤት ዞርኩ፤ አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። እየሳቀች አይደለም፤ እየለመነችኝ ነው። ቢያንስ ዓይኗ። በዚያች ሰዓት ያየሁት ሰኞን ነው፦ ሰሚራ ቁልፍ ይዛ ቆማ፣ እኔ እዚህ የናትናኤል ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ። ራሴ ያለበስኩትን።

ለቦዩ የመጡ መስሎኝ ነው ያቀረብኩት አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ልክ ነው፣ እሱንም ይጻፈው።

ሐጂ ታጥበው እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ውኃው በክርናቸው ይወርዳል። «ልጄ፣ ገበታ ቀርቧል። የቀረበ ገበታ ቃል ነው» አሉ። ክፋት የለባቸውም። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሽምግልና ላይ ውለው ርቧቸዋል። ሰው ሲርበው ሥርዓቱ ሁሉ ትዝ ይለዋል።

ናትናኤል ክፍል ውስጥ የገባ ይመስል አንድ እርምጃ ወደፊት ቀረበ።

«ሐጂ፣ ይህ የሚጠበቅ ነው» አለ። «ሰው መጀመሪያ ያደርጋል፣ ምክንያቱን ኋላ ይፈጥርለታል። ይህ የተጠና ነገር ነው። እጇ አቅርቧል፤ ቦይ የምትለው አሁን የመጣላት ነው። እጅ ከባለቤቱ በፊት ያውቃል።»

ባለ መነጽሩ፣ መማር እኮ ደግ ነው፣ አሉ። ረጅሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጂ አይቡን አዩት።

«እጇ ካወቀማ ጥሩ» አሉ። «ቢስሚላህ።»

እጃቸው ሄደ።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እኔም ያኔ ቀስ ብሎ ነው የታየኝ። ቆጮውን ቆረሱ። አይቡን ቆነጠሩ፣ ጎመኑን ደረቡበት፣ በአውራ ጣታቸው ጠቀለሉት። ክርናቸው ታጠፈ። እጁ ከሳህኑ ለቆ ወደ ጢማቸው ጉዞ ጀመረ። አንድ ጊዜ ከጎረሱ መልሱ ተበልቷል፤ ከተበላ ይመረቃል። ከቢስሚላህ እስከ ጉርሻ ምን ያህል ነው? ለካ ያቺ ክፍተት ይህችን ታክላለች። ለፈተና የማትመጣዋ። ወረቀቷ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ናት፣ እጄ ግን ወደ ኪሴ አልሄደም። እጄን አየሁት፤ የሳህኑን ጠርዝ በሁለት በኩል ይዟል። ሳህኑ ከጠረጴዛው ተነሳ።

ሽማግሌ ፊት የቀረበ ገበታ ሲነሳ አይታችሁ አታውቁም። እኔም አይቼ አላውቅም። ረጅሙ የዘረጉት እጃቸው ባዶ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አክስቴ ከኋላዬ መርፌ እንደወጋው ሰው ድምፅ አሰማች።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ያቀረብኩት ለቦዩ ነው። እጅዎ ላይ ያለውን አልነጥቅዎትም። ቢጎርሱት ግን የጎረሱት የቦዩን እንጂ የእኔን አይደለም።»

ጉርሻው ከአፋቸው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ቤቱ ውስጥ ያለ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ቅቤው በእጃቸው አንጓ ቁልቁል ወርዶ እጅጌያቸው ውስጥ ገባ።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከአፌ የመለስኩት ጉርሻ የለም» አሉ ሐጂ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ናትናኤል ዞሩ። «መምህር፣ እጄ እኮ ሄዷል። አሁን ምን ላድርግ ትለኛለህ?»

ናትናኤል ደብተሩን ከፈተ፣ ዘጋ። ላቡን ጠረገ።

«እንደፈለጉ» አለ።

«እንደፈለግኩ» ብለው ደገሙት ሐጂ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጉርሻውን እኔ በያዝኩት ሳህን ዳር መለሱና እጃቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። የሌሎቹም እጆች ወደየጉልበታቸው ተመለሱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈገግ አላሉልኝም። እንደ ባለጌ ነው ያዩኝ።

ናትናኤል ብቻ ጠጋ ብሎ፣ ዝቅ አድርጎ፣ የመጨረሻውን ተናገረ፦ «ማቆምሽም ቀድሞ የተወሰነ ነው።»

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው፤ ለዚህች አባባል እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ስንት ሶፋ እያለበስኩ አስቤበታለሁ። ምናልባት ልክ ነው። ምናልባት ሳህኑ የተነሳው እኔ ሳላውቅ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ጥግ ላይ ነው። ይሁን። ከተወሰነም ግን የተወሰነው በእኔ ራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በእሱ ደብተር ውስጥ አይደለም። ለዚህም እሱ የሚሰጠኝ መልስ ያለ አይመስለኝም። ካለው ይምጣና ትራስ ይዘዝ።

እናንተ ግን እኔን ጀግና አድርጋችሁ እንዳታነቡኝ። ያ ሳይንስ ሰድቦኛል፤ ስድቡም ይገባኛል። ቡታጅራ ልሂድ ያልኩት እኔ አልነበርኩም፤ ሻንጣዬን ግን እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ሶፋ መማር የፈለግኩት ከተማርኩት በኋላ ነው። «አስገቢላቸው» ስባል እጄ ሳይጠይቅ ሄደ፤ በዚህ በዚህ ናትናኤል በደንብ አንብቦኛል። የተሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ሳይጠይቅ የሚሄድን እጅ ፈቃድ መስሎት ነበር። ልማድን እሺታ ብሎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ደብተሩ ቶሎ ነው የሚሞላው።

ዛሬ አንድ ነገር ስጠየቅ ቆም እላለሁ። ያቺን ክፍተት እፈልጋታለሁ። ደንበኞች ጆሮዋ ይደክማል ይላሉ፤ ሰሚራ ደግሞ «ሰው ሲያናግርሽ ኔትወርክ ትፈልጊያለሽ» ትለኛለች። «አምጪ» የሚለኝን «ለማን?» እለዋለሁ። በነገራችን ላይ፣ «አእምሮሽ ወስኗል» የሚላችሁ፣ «ጌታ ስላንቺ ተናግሮኛል» የሚላችሁና «ቤተሰብ ተስማምቷል» የሚላችሁ ሦስት የተለያዩ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ። አንድ ሱፍ ነው የሚዋዋሱት። ስማችሁ የሰው ደብተር ላይ ካለ፣ የተሰረዘውን ገጽ ፈልጉ፤ ሁልጊዜ አንድ የተሰረዘ ገጽ አለ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ሳህኑን ማድ ቤት ወሰድኩት። አክስቴ ተከትላኝ ገብታ በሩን ዘጋች። አልጮኸችም። አዋረድሽን አለች። እኔ እኮ ላንቺ አስቤ ነው አለች፤ እሱን አምናታለሁ። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ሰኞ የትም እንደማልሄድ ነገረችኝ።

«እናያለን» አልኳት።

መቀሴን፣ ሁለቱን ትልልቅ መርፌዎችና ልብሴን በአንድ ቦርሳ ከተትኩ። ሽርጤን አላወለቅኩም። ሳሎን ሳልፍ ሐጂ «ከተሰበሰብን አይቀር እስቲ ያንን ቦይ አንሱት» ይላሉ፤ ጋሼ ጎረቤቱን እንዲጠራ ሰው እየፈለገ ነው። ረጅሙ ሽማግሌ ወደ ማድ ቤቱ በር ያያሉ። ናትናኤል ሶፋው ጫፍ ላይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ አልከፈተውም። ደህና ዋሉ አልኳቸው። ሐጂ ብቻ «ወአለይኩም» አሉ፣ ሳያዩኝ።

ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሹፌሩ መምህሩን እየጠበቅኩ ነው አለኝ።

«መምህሩ ቦይ ላይ ነው፣ ይቆያል» አልኩት። «መናኸሪያ አድርሰኝ።»

ቦርሳዬን ጭኜ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። መናኸሪያ ስንደርስ የወልቂጤው መኪና አንድ ወንበር ቀርቶት ነበር።